ለቤተሰብ መሰባሰቢያ የሚሆን ቀላል የቪዲዮ ካሜራ አመራረጥ

ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲያችን ሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሲሆን፣ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ መጠነኛ የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል።



የዛሬው ርእስ ለእንዲህ ያለ መድረክ ቀለል ያለ መስሎ የታያቸው ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ። «ካሜራ መግዛት የገበያ ጉዳይ እንጂ የገለጻ ርእስ ይሆናልን?» ያለኝም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የቃል ታሪክ እናስተምራለን የምንል ሰዎች አንድ ነገር ልንዘነጋ አይገባም። የአያቶቻችን ትረካ፣ ምርቃትና የዘር ቆጠራ በአብዛኛው የሚቀረጸው በተመራማሪ መሣሪያ ሳይሆን፣ በሰርግ፣ በክርስትና፣ በማኅበርና በበዓል ቀን በአንድ የቤተሰብ አባል እጅ ነው። ያ ቀረጻ ቢበላሽ የሚተካው የለም። ስለዚህ የካሜራው ምርጫ የማስረጃ ምርጫም ጭምር ይሆናል።

ከራሴ ቤት ልጀምር። በ1990 ዓ.ም. የተደረገው የታላቅ እኅቴ ሰርግ የተቀረጸበት አንድ የቪኤችኤስ ካሴት አለን። ቀረጻውን የሠራው ሙያተኛ ጥሩ ዐይን ነበረው፤ ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ የዳቦው አቆራረስ ሁሉ ጎልቶ ይታያል። አባታችን ተነሥተው ሲመርቁ ግን ካሜራው ከአዳራሹ ማዶ፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ነበረ። እጃቸው ሲዘረጋ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ፣ ሰዉም «አሜን» ሲል እናያለን። የምርቃቱ ቃል በኦርጋኑ ተውጧል። አባታችን ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ የዚያን ዕለት ቃላቸውን የያዘ ሌላ ቅጂም የለም። ካሜራ ልገዛ ነው ብሎ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ይህንን ካሴት ያስታውሰኛል፤ የጥያቄው መጀመሪያ ብዙ ጊዜ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ነውና።

«ቀላል» የሚለውን ቃል በመጀመሪያ እንመርምር። ቀላል የሚሆነው ለማን ነው? በአገራችን ልማድ ካሜራውን የሚገዛው ወይም ከውጭ አገር የሚልከው ሰውና በዕለቱ የሚቀርጸው ሰው አንድ አይደሉም። ባለቤቱ እንግዳ ይቀበላል፣ እመቤቲቱ ከወጡና ከቡናው አትለይም። ካሜራው «እስቲ አንቺ ያዢው» ተብሎ ከዚያ በፊት ነክታው ለማታውቅ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይሰጣል። እንግዲህ መሣሪያው መለካት ያለበት በገዢው ችሎታ ሳይሆን በዚህች ልጅ የመጀመሪያ ደቂቃ ነው።

የመሣሪያዎቹ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ያቀረበው ቤታሞቪ፣ ካሜራንና መቅረጫን በአንድ አካል ያጣመረ የመጀመሪያው የቤት መሣሪያ ቢሆንም በትከሻ የሚሸከሙት ከባድ ዕቃ ነበር፤ የቀረጸውንም መልሶ ማሳየት አይችልም ነበር። ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ፒዩር ዲጂታል የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ፍሊፕ የሚባል የኪስ ካሜራ አወጣ። የጨረር ዙም አልነበረውም፤ የምስሉም ጥራት በጊዜው ከነበሩት ያነሰ ነበር። የነበረው አንድ ትልቅ ቀይ ቁልፍና ከጎኑ ተስፈንጥሮ የሚወጣ የዩኤስቢ መሰኪያ ነው። ሕዝቡ ያንን መረጠ። ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያውን ወደ 590 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛው፤ በ2011 ደግሞ ምርቱን ዘጋው። ቪዲዮ የሚቀርጽ ሞባይል በየሰው ኪስ እየገባ ነበርና።

በሱቅ ውስጥ ልታደርጉት የምትችሉት ፈተና እነሆ። ካሜራውን አብሯችሁ ለሄደው ሰው ያለ ምንም ማብራሪያ ስጡትና «አብራ፣ ቅረጽ፣ አቁም፣ መልሰህ አሳየኝ» በሉት። ከአንድ ደቂቃ በላይ ከፈጀበት ሌላውን እዩ። በተለይ መሣሪያው እየቀረጸ መሆኑን የሚያሳውቅበት ምልክት ጉልህ መሆኑን አስተውሉ። የቤተሰብ ቀረጻ ትልቁ ጠንቅ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ቀራጩ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጭኖ እየቀረጸ ይመስለዋል፣ በኋላ ሲከፈት የሚገኘው የወለል ምንጣፍና የሰው ጫማ ነው። (ከሣቃችሁ እንደምረዳው በብዙዎቻችሁ ቤት እንዲህ ያለ ቀረጻ አለ።) ስክሪኑ ሲከፈት የሚበራ፣ ሲዘጋ የሚጠፋ ካሜራ ከዚህ ስሕተት ግማሹን ያስቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ድምፅ ልግባ። ካሜራ ሻጭ ስለ ምስል ይነግራችኋል እንጂ ስለ ድምፅ ብዙ አይናገርም። ድምፅ ነጻ በሆነ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዲሲቤል ያህል ይቀንሳል። አራት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ማይክሮፎን ወደ አንድ ሜትር ቢጠጋ 12 ዲሲቤል ያህል ያተርፋል ማለት ነው፤ ይህን ያህል ልዩነት በየትኛውም የዋጋ ጭማሪ አይገኝም። በክፍል ውስጥ ደግሞ የግድግዳው ነጸብራቅ፣ የቡና ሙቀጫው፣ የቴሌቪዥኑና የሕፃናቱ ሁካታ ይጨመራል። ሌላም አለ። አብዛኞቹ የቤት ካሜራዎች የድምፁን መጠን ራሳቸው ያስተካክላሉ። አንድ አዛውንት በለሆሳስ ሲመርቁ ካሜራው ጆሮውን ከፍ ያደርጋል፤ ሰዉ በአንድነት «አሜን» ሲል ደንግጦ ዝቅ ያደርጋል፤ የሚቀጥለው የምርቃት ቃል መጀመሪያው በዚያ ዝቅታ ውስጥ ይጠፋል። ምርቃት ደግሞ ሙሉ በሙሉ በዚህ ቅብብል የተሠራ ንግግር ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን ካሜራውን ስመርጥ አስቀድሜ የማየው ከጎኑ የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ መኖሩን ነው። ብዙዎቹ ርካሽና ትንንሽ ካሜራዎች ይህ የላቸውም፤ ምስላቸው ምንም ቢያምር ይህ ጉድለት ከባድ ነው። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም ቢኖር መልካም ነው። በልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ገመድ አልባ ማይክሮፎን ከአዛውንቱ ጋቢ ላይ ከዋለ፣ ካሜራው የትም ቢቆም ግድ የለም። ዙምን በተመለከተ በአጭሩ፣ ዙም ፊትን እንጂ ድምፅን አያቀርብም፤ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። «ዲጂታል ዙም» ተብሎ በትልቅ ቁጥር የሚጻፈውን ከነጭራሹ አትቁጠሩት፤ ያለውን ምስል መለጠጥ ነውና።

ብርሃንን ያየን እንደሆነ፣ የቤታችን ስብሰባ በአብዛኛው የሚደምቀው ከመሸ በኋላ፣ በጣራ ላይ ባለ አንድ አምፖል ሥር ነው። ሴንሰሩ ሰፋ ያለ ካሜራ በዚህ ጊዜ ይሻላል፤ እጅግ ትንሽ ሴንሰር ያለው ሁሉንም ነገር በአሸዋ የተነሰነሰ ያስመስለዋል። ከውጭ አገር ለሚላኩ ካሜራዎች ግን ለብቻው የሚነገር ጉዳይ አለ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ነው፤ የአሜሪካ 60 ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ያለ ፍሎረሰንትና ብዙው ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዐይናችን አያየውም። ለአሜሪካ ገበያ ተስተካክሎ የተሠራ፣ በሰከንድ 30 ወይም 60 ምስል የሚያነሣ ካሜራ ግን ያየዋል፤ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይንሸራሸራሉ ወይም መላው ክፍል ብልጭ ድርግም ይላል። ብዙ ሰው ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጥገና ይወስደዋል። መፍትሔው በማስተካከያው ውስጥ ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል ወይም ወደ 50 ሄርዝ መለወጥ፣ ይህ ካልተቻለ ሸተሩን በሰከንድ 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማቆም ነው። አንዳንድ ሞዴሎች ይህን ለመለወጥ አይፈቅዱም። ወንድም ወይም እኅት ከዋሽንግተን ካሜራ ልላክ ካለች፣ ከመግዛቷ በፊት ይህንን እንድታጣራ ንገሯት።

«እንግዲህ ሞባይል አይበቃምን?» የምትሉ አላችሁ። ለብዙው ሰው ይበቃል፤ ይህንን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ባለፉት ዓመታት የተሠራ መካከለኛ ሞባይል በደብዛዛ ብርሃን ከብዙ ርካሽ የቪዲዮ ካሜራ ይበልጣል። ሞባይል ያለው ሰው ገንዘቡን በባለሦስት እግር መቆሚያና በማይክሮፎን ላይ ቢያውለው ይሻላል ባይ ነኝ። ስልክ ሲደወል ቀረጻው እንዳይቋረጥ የበረራ ሁነታው ላይ ማድረግ፣ ባዶ ቦታ መኖሩን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ሆኖም ሞባይል የሰው ነው፤ ካሜራ የቤት ነው። የአያት ትረካ በአንድ የእኅት ልጅ ሞባይል ላይ ይቀረጻል፤ ልጁ ወደ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ ሞባይሉ ይሸጣል ወይም ይሰረቃል፣ ትረካውም አብሮ ይሄዳል። በመሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ የንክኪ ስክሪን ያልለመዱ እናት ሳይቀሩ በአንድ ቁልፍ የሚያስነሡት ካሜራ እስካሁን ቦታ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌንሳቸው የሚቀያየር የፎቶ ካሜራዎችን ለዚህ ተግባር አልመክርም። ምስላቸው ያምራል፤ ነገር ግን ለዚያች የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ አይሆኑም። በተጨማሪም ብዙዎቹ የቀደሙ ሞዴሎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ ቀረጻቸውን ያቆማሉ። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ብቻ አልነበረም፤ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ ካሜራ በአውሮፓ ኅብረት የቀረጥ ሕግ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር ነው። የአያቶቻችን ትረካ የብራስልስን ቀረጥ አያውቅም።

ስለ ምስል ጥራት የምለው ጥቂት ነው። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው፣ ማለትም 1080፣ ለቤተሰብ ይበቃል። በሰከንድ 17 ሜጋቢት የሚቀረጽ እንዲህ ያለ ቪዲዮ በሰዓት 7.6 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ስምንት ሰዓት ያህል ይይዛል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀረጽ 4ኬ በሰዓት 45 ጊጋባይት ስለሚወስድ ያው ካርድ ለአንድ የክርስትና ድግስ እንኳ አይበቃም። ባሕር ማዶ ላሉ ቤተሰቦች በኢንተርኔት ለመላክ የሞከረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ቀረጻውን ከሃያ ዓመት በኋላ ማን ይከፍተዋል የሚለው ነው። ኤምፒ4 በሚባለው ፋይል፣ ኤች 264 በተባለው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የአጨማመቅ ስልት የሚቀርጽ ካሜራ ምረጡ፤ ዛሬ የማይከፍተው መሣሪያ የለም ለማለት ይቻላል። ካርዱ ተነቃይ ይሁን፤ ካሜራው ወድቆ ቢሰበር ካርዱ ይተርፋል። ኤቪሲኤችዲ በሚባለው ስልት የሚቀርጽ ካሜራ ያላችሁ ደግሞ፣ ስትገለብጡ ነጠላ ፋይል ሳይሆን ሙሉውን ማኅደር ውሰዱ፤ ያለዚያ ረጅሙ ቀረጻ ተቆራርጦ፣ ቀኑና ቅደም ተከተሉ ጠፍቶ ይገኛል። ሁለት ቅጂ ይኑር፤ አንደኛው በሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ። በማኅደሩ ላይ ቀኑ፣ ቦታውና የተናጋሪው ሙሉ ስም ይጻፍ። «ቪዲዮ 0047» የሚለው ስም ለልጅ ልጅ የሚነግረው ነገር የለም።

(ከታዳሚዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱ ከዚህ በታች ቀርበዋል።)

ጥያቄ፦ አያቴ ካሜራ ሲያዩ ዝም ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አስቀድመህ ጠይቃቸው፤ ሳያውቁ መቅረጽ ነውር ነው፣ በምርምርም ተቀባይነት የለውም። ከፈቀዱልህ ካሜራውን እንግዳ ከመምጣቱ በፊት መቆሚያው ላይ አድርገህ አስነሣውና ከኋላው ተነሥተህ ከጎናቸው ተቀመጥ። ሰው የሚያወራው ለሚሰማው ሰው ነው። ባትሪው ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚቆይ ወይም ከሶኬት ጋር ተገናኝቶ የሚሠራ ካሜራ የሚያስፈልግህም ለዚህ ነው፤ በየመካከሉ እየተነሣህ ብትነካካው ጨዋታው ይቆማል።

ጥያቄ፦ የአባትዎን ድምፅ በዛሬው ሶፍትዌር ከሙዚቃው መለየት አይቻልም?

መልስ፦ ሞክረናል። በመጀመሪያ የሚሠራ ዴክ መፈለግ ነበረብን፤ የመጨረሻው የጃፓን አምራች ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፣ በየቤቱ ያሉትም ጎማቸው ደርቋል። ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር ከገለበጥን በኋላ ኦርጋኑን ብዙ ቀነስነው። ኦርጋኒስቱ ለአፍታ ባረፈበት ስፍራ «ያዝልቅላችሁ» የሚለው ቃል በግልጽ ይሰማል። ሌላው ማይክሮፎኑ ዘንድ አልደረሰምና ሶፍትዌር ሊያወጣው አልቻለም። በቤታችሁ ካሴት ያላችሁ ተማሪዎች በዚህ ሳምንት ወደ ቢሮዬ አምጡት፤ ዴኩ እስካሁን ይሠራል፣ ባዶ ፍላሽ ግን ራሳችሁ ይዛችሁ ኑ።