የመስታወት ጭጋግና የመኪና ዋጋ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጎተራ በቄራ በኩል ወደ ሳር ቤት የሚያሽከረክር ሰው ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታ፣ ጠዋት ንጹሕ መስሎ የታየው የፊት መስታወት በድንገት ነጭ መጋረጃ የተጋረደበት ይመስላል። የዝናብ መጥረጊያው ቢሠራም ጭጋጉን ያሰራጨዋል እንጂ አያስለቅቀውም። መኪናው ለሽያጭ የቀረበ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከእይታ ችግርነት አልፎ የዋጋ ጉዳይ ይሆናል። ገዢው «መስታወቱ አልቆለታል፣ መለወጥ አለበት» ብሎ ዋጋ ማስቀነስ ይጀምራል፤ ደላላውም ስምምነቱ እንዳይፈርስበት ሻጩን «ትንሽ ይቀንሱለት» ማለቱ አይቀርም። ለመሆኑ መስታወቱ በእርግጥ አልቆለታል ወይስ ቆሽሿል?

ጥያቄው የገንዘብ ጥያቄ ነው። የፊት መስታወት በውጭ ምንዛሪ ከሚገቡት መለዋወጫዎች አንዱ ነው። የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንኮች በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያም ቀደም ሲል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ታግዷል። በመሆኑም ነባሩ መኪና እየታደሰ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ግድ ሲሆን፣ ሊጸዳ የሚችለውን መስታወት መጣል ለባለንብረቱ ከባድ ኪሳራ ነው።

ጭጋጉ ከየት ይመጣል?

በአንድ ስም «ጭጋግ» የሚባለው ነገር ቢያንስ አራት ዓይነት ነው። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ቅባት ነው። ከናፍጣ መኪኖች የሚወጣው ጥቀርሻ፣ የአስፋልት ዘይትና አቧራ ተዋህደው መስታወቱ ላይ ይለጠፋሉ። በውስጥ በኩል ደግሞ ዳሽቦርዱ ፀሐይ ሲመታው ከፕላስቲኩ የሚተነው ቅባትና የሲጋራ ጭስ መስታወቱን ይሸፍኑታል። ሾፌሩ ውጪውን ደጋግሞ እያሳጠበ ለውጥ ካላየ፣ ችግሩ ከውስጥ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሙጫ ነው። የዓመታዊ ምርመራው ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ምልክቱ በየዓመቱ ይለጠፋሉ። አሮጌው በጥፍር ሲቦጨቅ ወረቀቱ ይነሣና ሙጫው ይቀራል፤ በላዩም አቧራ ይቀመጣል።

ሦስተኛው የውሃ ማዕድን ነው። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች በተጨማሪ የአቃቂን የጉድጓድ ውሃ ትጠቀማለች። የጉድጓድ ውሃ ከግድብ ውሃ ይልቅ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛበታል። ላቫጆ የታጠበ መኪና ሳይወለወል ፀሐይ ላይ ሲቆም ውሃው ይተንና ማዕድኑ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይደርቃል። የግንባታ ሲሚንቶም ከዚሁ ይመደባል። በ2017 ዓ.ም. እንደ ካዛንቺስ ባሉ የፈረሳና የግንባታ አካባቢዎች የቆሙ መኪኖች ላይ ያረፈ ብናኝ ካፊያ ሲያገኘው መስታወት ላይ ይጋገራል።

አራተኛው ቆሻሻ አይደለም፤ የመስታወቱ ጉዳት ነው። ያለቀ የመጥረጊያ ጎማ የጫረው፣ ወይም ለረጅም ጊዜ የቆየ ማዕድንና ሲሚንቶ የበላው መስታወት በዚህ ውስጥ ይገባል።

ከርካሹ መጀመር

ትክክለኛው አካሄድ ከርካሹ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መሄድ ነው። መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ አሸዋና አቧራው በብዙ ውሃ ይታጠባል። ይህ ከተዘለለ የሚታሸው ጨርቅ ራሱ አሸዋውን ይዞ ይጭራል። ቀጥሎ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ከዚያም አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ውጪውም ውስጡም ይወለወላል። ቅባት ከሆነ እዚሁ ያልቃል። የመጥረጊያው ጎማም አብሮ መጽዳት አለበት፤ አለዚያ ያንኑ ቅባት መልሶ ይቀባዋል።

ለሙጫ ቦታው በሞቀ የሳሙና ውሃ ርሶ ከቆየ በኋላ አዲስ ምላጭ በጣም ጋደል ተደርጎ በአንድ አቅጣጫ ይገፋል። የቀረው በትንሽ ላምባ ይለቃል፤ ላምባው ራሱ ቅባት ስለሆነ በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል። ጥቁር ፕላስቲክ በተለጠፈበት መስታወትና የማሞቂያ መስመር ባለበት የኋላ መስታወት የውስጥ ገጽ ላይ ግን ምላጭ አይሞከርም።

ለውሃ ነጠብጣብ ምላጭም ሳሙናም አይሠሩም። ማዕድኑን የሚያሟሟው አሲድ ነው። በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ የራሰ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ተለጥፎ ይቆይና ታሽቶ በብዙ ውሃ ይታጠባል። አንዴ ካልለቀቀ ይደገማል። ወደ ቀለሙና ወደ ኮፋኖው የፈሰሰው ወዲያው መታጠብ አለበት። አቼቶና በረኪና ፈጽሞ መደባለቅ የለባቸውም፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ችኮላ መስታወቱን በእርግጥ ይገድለዋል። የብርጭቆ ወረቀት መስታወትን ይጭራል። ለቸርኬ ማጽጃ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው የፍሎሪን አሲድ ደግሞ ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን መስታወቱን ራሱን ይበላል።

መለወጥ ያለበት የቱ ነው?

ይህ ሁሉ ተደርጎም ደመናው ካልጠፋ መስታወቱ ተበልቷል ማለት ነው። ቀላሉ ጉዳት መስታወት ለማለስለስ በሚያገለግለው የሴሪየም ኦክሳይድ ዱቄት ሊስተካከል ይችላል። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ግን በዚህ አይሞከርም፤ አንድ ቦታ አብዝቶ መፋቅ መስታወቱን ያጎደጉደውና የፊቱን መንገድ አጣሞ ያሳያል።

ሌላም መለያ አለ። የፊት መስታወት ሁለት መስታወቶች በመሐላቸው ባለ ስስ ፕላስቲክ ተጣብቀው የሚሠሩት ነው። ጠርዙ አካባቢ ወተት የመሰለ ቀለም ከታየና ከውጪም ከውስጥም ተወልውሎ ካልለቀቀ፣ የተለያየው የመሐሉ ፕላስቲክ ነው። ይህንና የሾፌሩን እይታ የሚያቋርጥ ስንጥቅ ላቫጆ አያድናቸውም፤ መለወጥ አለባቸው።

ከዚህ አኳያ ሻጭ መኪናውን ገበያ ከማውጣቱ በፊት የሳሙናና የአቼቶ ወጪ ቢያወጣ የመስታወት ዋጋ ከመቀነስ ይድናል። ገዢም መኪናን በእኩለ ቀን ብቻ አይቶ ባይዋዋል ይበጀዋል፤ በማታ ፀሐይ ወይም በፊት ለፊት መብራት የታየ መስታወት ምንም አይደብቅም። ደላላው ሁለቱን ከማከራከሩ በፊት ጨርቅ አርሶ ቢያስወለውል የሦስቱም ጊዜ ይቆጠባል። ሲወለወል የለቀቀ ጭጋግ ዋጋ አያስቀንስም፤ ያልለቀቀው ግን ከውሉ በፊት ይነገርበት።