ጃማይካ፦ ከሪዞርቱ አጥር ወዲያ

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብርዱ ሲከብድብን ፀሐይ ፍለጋ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች መብረር ከጀመርን ሰነባብተናል። ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው። ሁለት ሥራ ሲሠራ ከርሞ ለአንድ ሳምንት እግሩን አሸዋ ላይ ቢዘረጋ የሚወቀስ ሰው የለም። ችግሩ የሚመጣው ሲመለሱ ነው። «ጃማይካ እንዴት ነበረች?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ በአብዛኛው «ባሕሩ ደስ ይላል፣ ምግቡም አይጠፋም» ከሚለው አያልፍም። ይህንኑ መልስ ከካንኩንም ሆነ ከባሃማስ የተመለሰ ሰው ይሰጣችኋል። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ፎቶግራፉ ተነሥቷል፣ አገሪቱ ግን አልታየችም።

ይህ ጸሐፊ በሙያው ሲቪል መሐንዲስ ነው። ጃማይካን ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር፣ ሌላ ጊዜ ብቻዬን አይቻታለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለውድ አንባብያን በአንድ ሳምንት ዕረፍት ውስጥ በዚያች ደሴት ምን ማድረግ እንደሚቻል ማስረዳት ነው። አያይዤም ለኢትዮጵያዊ ጃማይካ እንደ ማንኛውም የባሕር ዳርቻ የማትሆንበትን ምክንያት አነሣለሁ።

በቅድሚያ ስለ አገሪቱ

ጃማይካ ወደ 11 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አላት። ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ያለው ርዝመቷ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «ሩቅ ነው» የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም። እንግሊዞች በ1655 ከስፔን ነጥቀው ወሰዷት። ከአፍሪካ በግፍ የመጡት ባሮች ሙሉ ነፃነታቸውን ያገኙት ነሐሴ 1 ቀን 1838 ሲሆን፣ አገሪቱ ነፃ የወጣችው ደግሞ ነሐሴ 6 ቀን 1962 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ቱሪስቱ የሚከማቸው በሰሜኑና በምዕራቡ ጠረፍ፣ በሞንቴጎ ቤይ፣ በኦቾ ሪዮስና በኔግሪል ነው። ዋና ከተማዋ ኪንግስተን ግን በደቡብ ናት። በቻይና ኩባንያ ተሠርቶ በ2016 የተከፈተውና ተራራውን ቆርጦ የሚያልፈው 67 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን አውራ ጎዳና የሰሜኑን ጠረፍ ከኪንግስተን አቅርቦታል። ዳገቱ የመኪና ሞተር የሚፈትን ስለሆነ ለመሐንዲስ ራሱን የቻለ ትርዒት ነው። በኔ ግምት ሰባት ቀን ያለው ሰው ሦስቱን በሰሜን፣ አራቱን በደቡብና በተራራው ቢያደርግ ይጠቀማል።

ባሕሩና አጥሩ

በሰሜኑ ጠረፍ ሳይታዩ መታለፍ የሌለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በኦቾ ሪዮስ አጠገብ ያለው የደንስ ሪቨር ፏፏቴ ነው። ውኃው 180 ሜትር ያህል በደረጃ በደረጃ እየወረደ በቀጥታ ወደ ባሕር ይገባል፤ ጎብኚውም እጅ ለእጅ ተያይዞ ከታች ወደ ላይ ይወጣዋል። ወንዙ ከኖራ ድንጋይ ተራራ ኖራ አሟሙቶ እያመጣ በፏፏቴው ላይ ስለሚጥለው ድንጋዩ ያድጋል እንጂ እንደ ሌሎች ፏፏቴዎች እየተሸረሸረ አያልቅም። ሁለተኛው በፋልማውዝ አጠገብ፣ የማርታ ብሬ ወንዝ ከባሕር ጋር በሚቀላቀልበት ስፍራ ያለው አብረቅራቂ የባሕር ወሽመጥ ነው። በውኃው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ሲነኩ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣሉ። በጨለማ እጃችሁን ውኃው ውስጥ ብታስገቡ ጣቶቻችሁ ያበራሉ። ልጆቼ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ይህንን ነው።

ስለ ባሕሩ ሲነሣ ግን ስለ አጥሩም መነሣት አለበት። «ኦል ኢንክሉሲቭ» የሚባሉት ሪዞርቶች እንግዳው ምግቡን፣ መጠጡንና መዝናኛውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከፍሎ ከግቢ እንዳይወጣ ሆነው የተነደፉ ናቸው። በዚህ አሠራር ከበር ውጭ ያለው ዓሣ ሻጭ፣ ሹፌርና ምግብ ቤት ከእንግዳው ኪስ የሚደርሳቸው ጥቂት ነው። ይባስ ብሎ በ1956 በቅኝ ግዛት ዘመን የወጣው የባሕር ዳርቻ ቁጥጥር ሕግ ዳርቻውን ለመንግሥት ሲሰጥ ለሕዝቡ አጠቃላይ የመግባት መብት አላጎናጸፈም። በዚህ የተነሣ ጃማይካውያን በራሳቸው ባሕር ለመታጠብ መብት ፍለጋ እስከ ፍርድ ቤት ሲሟገቱ ቆይተዋል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያ እንዴት እንደታጠረ ያየ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። በመሆኑም ሪዞርት ብታርፉም እንኳ ቢያንስ ግማሹን ቀን በሕዝብ ዳርቻ አሳልፉ፤ ምሳችሁንም ከውጭ ብሉ።

ስለ ምግብ ካነሣን፣ ጾም የሚይዝ አንባቢ አይቸገር። ራስተፈሪያውያን «አይታል» የሚሉት ሥጋ የሌለበት ምግብ ከጾም ምግባችን ጋር ይዛመዳል። የአገሪቱ ብሔራዊ ፍሬ አኪ የመጣው ከምዕራብ አፍሪካ ሲሆን በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር ተጠብሶ ይበላል። ሳይበስልና በራሱ ጊዜ ሳይከፈት የተቀጠፈ አኪ መርዝ ስለሆነ ግን ለሚያውቅ ሰው መተው ነው። በቅመም ታሽቶ በፍም የሚጠበሰው «ጀርክ» ደግሞ በምሥራቅ ጠረፍ በቦስተን ቤይ ይበላ።

የሰመጠችው ከተማ

ከኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ በቀጭኑ የአሸዋ ምላስ ጫፍ ላይ ፖርት ሮያል ትገኛለች። ዛሬ ጸጥ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን የባሕር ላይ ወንበዴዎችና የነጋዴዎች ሀብታም ከተማ ነበረች። ሰኔ 7 ቀን 1692 ከቀትር በፊት በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አብዛኛው ክፍሏ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ባሕር ገባ፤ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ሰውም በዚያው ዕለት አለቀ። በ2025 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

ምን እንደሆነ ላስረዳ። ከተማዋ የተሠራችው በውኃ በተሞላ ልቅ አሸዋ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ አሸዋ በኃይል ሲናወጥ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውኃ መውጫ አጥቶ ግፊቱ ይጨምራል፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መደጋገፋቸውን ይተዉና መሬቱ ለጥቂት ጊዜ እንደ አጥሚት ይሆናል። በላዩ ያለ ከባድ ነገር ይሰምጣል። መናወጡ ሲያቆም ተመልሶ ይጠጥራል። በዚያ ቀን ሉዊስ ጋልዲ የሚባል ነጋዴ መሬት ውጣው በሚቀጥለው መናወጥ ወደ ባሕር እንደ ተፋችው በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ተጽፎ በመንደሪቱ ቤተ ክርስቲያን ይነበባል። ከ1907ቱ መንቀጥቀጥ ወዲህ ተጣምሞ የቀረው የመሣሪያ ማከማቻም አለ። ውስጡ ገብታችሁ ቀጥ ብላችሁ ለመቆም ብትሞክሩ ራሳችሁ ይዞራል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ስትናወጥ ከረመች። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ሕንፃ ሊያቆም የሚያስብ ወገን ፖርት ሮያልን አይቶ ቢመለስ የአፈር ምርመራ ለምን እንደሚጠየቅ ይገባዋል።

ተራራውና ቡናው

ብሉ ማውንቴን ከኪንግስተን በላይ ይነሣል። ከፍተኛው ጫፍ 2,256 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ የሚያንስ ተራራ ብሎ የሚስቅ አይጠፋም፤ ነገር ግን መነሻው ከባሕር ጠለል መሆኑን ያስታውስ። ሰው በሌሊት በባትሪ ተነሥቶ ወጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ከጫፉ ያያል።

በዚህ ተራራ የሚበቅለው ቡና ዘሩ የመጣው በ1728 ነው፤ ያስመጣው የቀድሞው የእንግሊዝ ገዥ ኒኮላስ ላውስ ነበር። ቡና የተነሣው ከኛው አገር ደን መሆኑን ለአንባቢ መንገር አያሻም። እኔን ያስገረመኝ የስሙ አያያዝ ነው። ጃማይካውያን «ብሉ ማውንቴን» የሚለውን ስም በተወሰነ አካባቢና ከፍታ ለበቀለ ቡና ብቻ በሕግ ከልለው፣ በእንጨት በርሜል አሽገው፣ በዋናነት ለጃፓን በዓለም ከተወደዱት ዋጋዎች በአንዱ ሲሸጡ ኖረዋል። እኛ የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ስም የንግድ ምልክት ለማድረግ የተነሣነው በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው። አንድ የቡና እርሻ ጎብኝታችሁ አንድ ሲኒ ጠጡ፤ ከዚያም ስም ምን ያህል እንደሚያወጣ አስሉ።

ኪንግስተንና የኛ ስም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኪንግስተን ውስጥ መንገድ ዳር ኮኮነት የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ከኢትዮጵያ» አልኳቸው። ቢላቸውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «ሻሸመኔን ታውቃታለህ?» አሉኝ። አልፌባት እንደማውቅ ነገርኳቸው። ወንድማቸው ከብዙ ዓመት በፊት ወደዚያ እንደሄደና እዚያው እንደተቀበረ አጫወቱኝ። የኮኮነቱን ዋጋ እምቢ አሉ።

ይህ ፍቅር ከየት መጣ? ማርከስ ጋርቬይ በ1887 በሴንት አንስ ቤይ ተወልዶ ለጥቁር ሕዝብ ኩራትን ሰበከ። አፅሙ በ1964 ወደ አገሩ ተመልሶ ኪንግስተን በሚገኘው የብሔራዊ ጀግኖች መናፈሻ አርፏል። በ1930 ራስ ተፈሪ «ዐፄ ኃይለ ሥላሴ» ተብለው ሲነግሡ ድሃው ጃማይካዊ የተስፋውን ፍጻሜ አየ። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ ሊወረን ሲነሣ የኪንግስተን ሰዎች ለኢትዮጵያ መዋጋት ይፈቀድልን ብለው ለእንግሊዝ መንግሥት አቤቱታ አቅርበዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲደርሱ ሕዝቡ የአውሮፕላኑን መንደርደሪያ አጥለቀለቀው። ከአውሮፕላኑ እንዲወርዱ መንገድ ያስከፈተው ሞርቲመር ፕላኖ የተባለ ራስተፈሪያዊ ነው።

ለዚህ እምነት የተከፈለው ዋጋም ቀላል አልነበረም። በ1963 በሞንቴጎ ቤይ አጠገብ በኮራል ጋርደንስ ከተነሣው ግጭት በኋላ ብዙ ራስተፈሪያውያን ታድነው ተደብድበዋል፣ ታስረዋል፤ ጸጉራቸውንም ተላጭተዋል። የጃማይካ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው። ስፍራው ዛሬ ቱሪስቱ ከሚዝናናባቸው ሪዞርቶች ሩቅ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያናችንም በዚያች ምድር አለች። አባ ላእከ ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ፣ በ1970 ተልከው ብዙዎችን አጥምቀዋል። ቦብ ማርሌይ በ1980 ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ በግንቦት 1981 ሲቀበርም ሥርዓቱ የተፈጸመለት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሙዚቀኛውን ሙዚየም በሆፕ ሮድ 56፣ መቃብሩን በናይን ማይል ጎብኙ። እሑድ ጠዋት ግን በማክስፊልድ ጎዳና ወዳለችው ቅድስት ሥላሴ ብቅ በሉ። ጃማይካዊት እናት ነጠላዋን አጣፍታ ስታስቀድስ ማየት የትኛውም ሪዞርት የማይሸጠው ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። እነዚህ ሰዎች አምላክ ስለሚሏቸው ንጉሥ ሲጠይቁን ምን እንመልስ? ከመካከላችን ንጉሡን የሚወድ አለ፤ የወሎን ረሃብና የ1974ቱን አብዮት አንሥቶ የሚወቅስም አለ። በኔ እምነት ማሾፍም ሆነ ያላመኑበትን አብሮ ማስተጋባት ነውር ነው። «እኛ የምናውቃቸው እንደ ንጉሥ ነው፤ እናንተ ለስማችን የሰጣችሁትን ክብር ግን አንረሳም» ማለት በቂ ነው። ምክንያቱም ዕዳ አለብን። በ1948 በሻሸመኔ ከተሰጣቸው 5 ጋሻ መሬት አብዛኛው በደርግ ዘመን ተወርሷል። እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ለዓመታት ያለ መታወቂያ ኖረዋል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የነዋሪነት መታወቂያ እንዲሰጣቸው የወሰነው በ2017 ነው። ስደት ምን እንደሆነ፣ ወረቀት ማጣት ምን እንደሚያደርግ ከኛ በላይ ማን ያውቃል?

ጥቂት ተግባራዊ ምክሮች

መኪና የሚነዳው በግራ ነው፤ መንገዱም ጠባብ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሹፌር መያዝ ይሻላል። ቀይ ታርጋ ያላቸው የመስመር ታክሲዎች እንደኛ ሚኒባስ ሰው ጠቅጥቀው የሚጭኑ ርካሽ መጓጓዣ ናቸው። በኪንግስተን መሀል ከተማ ከሚያውቅ ሰው ጋር መሄድ ይመረጣል። በ2015 የወጣው ሕግ እስከ ሁለት አውንስ የሚደርስ ጋንጃ መያዝን ከወንጀልነት አውጥቶታል፤ ይዞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መሄድ ግን ዛሬም ወንጀል ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ትኬት ከመግዛቱ በፊት ስለ ቪዛ ይጠይቅ።

የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው። ጥቅምት 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ምዕራቡን ክፍል መትቶ እንደ ብላክ ሪቨር ያሉ ከተሞችን አፍርሷል። ስለሆነም ከመሄዳችሁ በፊት የምትፈልጉት ስፍራ መከፈቱን አረጋግጡ። ጉዞውን መተው ግን መፍትሔ አይደለም፤ ቤቱን መልሶ ለሚሠራ ሹፌርና ምግብ ሻጭ የእንግዳ ገንዘብ የሚያስፈልገው አሁን ነው።

ወገኖቼ፣ በዓለም ላይ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስንል ረሃብና ጦርነት ሳይሆን ክብር ወደ ሰው ልብ የሚመጣበት አገር ብዙ አይደለም። እንዲህ ያለ አገር ሄዶ በአጥር ውስጥ ተኝቶ መመለስ የራስን ስም ሳይሰሙ መቅረት ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ስማቸው በሰው አገር እንዴት እንደሚጠራ ይስሙ።

ቸር ይግጠመን።