ማርሹ ከ‹‹ፒ›› አልወጣም ሲል ምን እየነገረን ነው?

ቁልፉ ተከፍቷል፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ እግርም ፍሬን ላይ ነው፡፡ የማርሹ ዘንግ ግን ከ‹‹ፒ›› ንቅንቅ አልል ይላል፡፡ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ያገለገለ መኪና ለሚነዳ የከተማችን ሰው ይህ እንግዳ ገጠመኝ አይደለም፡፡ መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውም እንዲሁ የታወቀ ነው፡፡ መቆለፊያው ይነቀላል፣ ወይም ሽቦው በቀጥታ ተገናኝቶ ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን ይደረጋል፡፡ ‹‹ከእንግዲህ አያስቸግርዎትም›› ተብሎም ባለመኪናው ይሸኛል፡፡ እውነት ነው፣ አያስቸግርም፡፡ ነገር ግን ብልሽቱ አልተጠገነም፤ ብልሽቱን የሚናገረው አፍ ነው የተዘጋው፡፡

መቆለፊያው ያለ ምክንያት አልተሠራም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አውዲ 5000 የተባለችው መኪና ‹‹ሳይነኳት ትፈተለካለች›› ተብላ በአሜሪካ ብዙ አቤቱታ ቀርቦባት ነበር፡፡ በ1986 የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ‹‹60 ደቂቃ›› ፕሮግራም ጉዳዩን ካሰራጨ በኋላ ኩባንያው በ1987 መኪኖቹን መልሶ ጠርቶ ፍሬን ካልተረገጠ ማርሹን ከ‹‹ፒ›› የማያስወጣ መቆለፊያ ገጠመላቸው፡፡ የአገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1989 ባወጣው ጥናት ዋናው ምክንያት ሾፌሮች ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ መስጫውን መርገጣቸው ነው ሲል ደመደመ፡፡ በኋላም በ2008 በወጣ ሕግ፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2010 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚመረቱ አውቶማቲክ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ይህ መቆለፊያ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ፡፡ የሕጉ ዓላማ ሕፃናትን ከመኪና አደጋ መጠበቅ ነበር፡፡ መኪና ውስጥ የቀረ ሕፃን ማርሹን በእጁ ቢጎትተውም እግሩ ፍሬኑ ጋ አይደርስምና፡፡

አሠራሩ ቀላል ነው፡፡ ፍሬን ሲረገጥ ከፔዳሉ በላይ ያለችው ትንሽ ስዊች ትገናኛለች፡፡ ኤሌክትሪኩ በአንድ በኩል ወደ ኋላ የፍሬን መብራቶች፣ በሌላ በኩል ወደ ማርሹ መቆጣጠሪያ ይሄዳል፡፡ መቆጣጠሪያውም ከማርሹ ዘንግ ሥር ላለው ሶሌኖይድ ኃይል ይሰጠዋል፤ ሶሌኖይዱ መቆለፊያውን ሲስበው ዘንጉ ይለቀቃል፡፡ ስለዚህ ፊውዝ፣ ስዊች፣ ሽቦ፣ መቆጣጠሪያና ሶሌኖይድ በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፡፡ አንዱ ሲበጠስ ማርሹ ይቆለፋል፡፡ ምርመራውም ከቀላሉና ከርካሹ ጀምሮ ወደ ከባዱ መሄድ አለበት፡፡ ከሁሉ በፊት ግን የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማውም ታኮ ይደረግለት፡፡

አንደኛ፣ የፍሬን መብራቱን ማየት ነው፡፡ አንድ ሰው ከኋላ ይቁም፤ ሰው ከሌለም የመብራቱን ነጸብራቅ ግድግዳ ላይ መመልከት ይቻላል፡፡ አንድ መብራት ብቻ ካልበራ ጉዳዩ የአምፖል ነው፤ ማርሹን አይቆልፍም፡፡ አንዱም ካልበራ ግን ጥርጣሬው ፊውዙና ስዊቿ ላይ ያርፋል፡፡

ሁለተኛ፣ ፊውዙ ይታይ፡፡ በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ‹‹ስቶፕ›› የሚል የተጻፈበት ነው፡፡ ተቃጥሎ ከተገኘ በዚያው አምፔር ይተካ፡፡ ወዲያው ደግሞ ከተቃጠለ አንድ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት እየነካ ነው ማለት ነው፡፡ ከፍ ያለ ፊውዝ መሰካት ወይም በቆርቆሮ ወረቀት ማገናኘት እሳት መጋበዝ ነው፡፡

ሦስተኛ፣ ስዊቿ ናት፡፡ ፊውዙ ደኅና ሆኖ መብራቱ ካልበራ፣ ወይም አንዳንዴ በርቶ አንዳንዴ ከጠፋ፣ ስዊቿ አርጅታለች ወይም ከቦታዋ ተንሸራታለች፡፡ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ርካሽ ከሚባሉት ዕቃዎች አንዷ ናት፡፡

አራተኛ፣ መብራቱ በትክክል ከበራ ጆሮ ይሥራ፡፡ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍተው፣ ሬዲዮውን ዘግተው ፍሬኑን ይርገጡ፡፡ በብዙ መኪኖች ከማርሹ ሥር ‹‹ቀጭ›› የሚል ድምፅ ይሰማል፡፡ ድምፁ ተሰምቶ ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ ብልሽቱ ኤሌክትሪክ ላይ ሳይሆን የተሰበረ ወይም የፈሰሰ ለስላሳ ያጣበቀው አካል ላይ ሊሆን ይችላል፡፡ ድምፁ ከጠፋ ባለሙያው ፍሬን ተረግጦ ሳለ የሶሌኖይዱን ሶኬት በቴስተር ይለካ፡፡ 12 ቮልት ገደማ እየደረሰው የማይሠራ ከሆነ የተበላሸው ራሱ ሶሌኖይዱ ነው፡፡ የማይደርሰው ከሆነ ደግሞ ሽቦው ወይም መቆጣጠሪያው ይፈተሽ፡፡ በአንዳንድ መኪኖች ስዊቿ ሁለት መስመር ስላላት፣ መብራቱ እየበራም ወደ መቆጣጠሪያው የሚሄደው መስመር ሊቋረጥ እንደሚችል አይዘንጋ፡፡

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ብልሽት ደግሞ የባሰ ነው፤ ማንንም ስለማያስቸግር አይታወቅምና፡፡ ፔዳሉ ላይ ያለችው የስዊቿ መደገፊያ ፕላስቲክ በእርጅና ስትፈረፈር፣ ስዊቿ ሁልጊዜ እንደተረገጠ ትቆያለች፡፡ የፍሬን መብራቱ አይጠፋም፣ ባትሪው ያልቃል፣ ማርሹም ቁልፉ እስከተከፈተ ድረስ ፍሬን ሳይረገጥ ይወጣል፡፡

መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው መውጫ አለው፡፡ ብዙ መኪኖች ከማርሹ አጠገብ ‹‹ሺፍት ሎክ›› የሚል ቁልፍ ወይም ትንሽ ክዳን አላቸው፡፡ ፍሬኑን ረግጦ እሱን በመጫን ማርሹን ማውጣት ይቻላል፡፡ ይህ ግን እስከ ጋራዥ ብቻ ነው፡፡ የፍሬን መብራቱ የማይሠራ ከሆነማ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር መቆማችንን የሚያውቀው ሲገጨን ነው፡፡

የሕጉም ነገር መነሳት አለበት፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን፣ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካላስረዳ በቀር፡፡ በአንቀጽ 2086 መሠረትም ‹‹ጥፋት የለብኝም›› ብሎ ማምለጥ አይቻልም፡፡ መቆለፊያው በተነቀለ መኪና ውስጥ የቀረ ሕፃን ማርሹን ጎትቶት መኪናው ቁልቁለት ቢወርድና መንገደኛ ቢጎዳ፣ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው፡፡ መካኒኩን መልሶ መክሰስ ቢቻል እንኳ ያ ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ቀጠሮ ነው፡፡

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ብዙዎች ያላቸውን መኪና አስታመው መያዝን መርጠዋል፡፡ ማስታመም ደግሞ በሽታውን መደበቅ አይደለም፡፡ ስለዚህ መኪናችንን ከጋራዥ ስንረከብ ‹‹ተሠርቷል›› የሚለውን ቃል ብቻ ይዘን አንውጣ፡፡ የተገኘው ብልሽት ምን እንደሆነና የተቀየረው ዕቃ የትኛው እንደሆነ በደረሰኙ ላይ ይጻፍልን፡፡ ከዚያም እዚያው ቆመን፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘን፣ እግራችንን ከፍሬኑ አንስተን ማርሹን ለማውጣት እንሞክር፡፡ እምቢ ካለ መቆለፊያው በሥራው ላይ ነው፡፡