ስለ ኤሌክትሮኒክ ጨርቅ፤ ልብስ የሚመሰገነው ታጥቦ ነው

ልብስ ለሰው ልጅ ከምግብና ከቤት ጋራ የሚቈጠር ዋና ነገር ነው። ብርድን ይከላከላል፥ ገላን ይሸፍናል፥ ማዕርግንም ያስታውቃል። በዘመናችን ያሉ የጥበብ ሰዎች ግን ከነዚህ ከሦስቱ ሌላ አራተኛ ሥራ ሊጨምሩለት ይደክማሉ፤ ይኸውም ልብሱ የልብን ትርታና የትንፋሽን ልክ እየቈጠረ፥ የገላን ሙቀት እየለካ፥ ያገኘውን ሁሉ ለሐኪም ወይም ለለባሹ እንዲያስታውቅ ነው። ይህን የመሰለው ጨርቅ ኤሌክትሮኒክ ጨርቅ ይባላል።

ማዕድንን ከክር ጋራ ማዋሐድ ዛሬ የተዠመረ አይደለም። የአሮን ልብሰ ተክህኖ በተሠራ ጊዜ ወርቅ ተቀጥቅጦ ስስ ከሆነ በኋላ እንደ ክር ተቈርጦ ከግምጃው ጋራ እንደ ተሠራ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 39 ተጽፏል። የዛሬዎቹ ጥበበኞች የሚያደርጉትም ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። የናይሎንን ክር በብር ይለብጣሉ፥ ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነ የማይዝግ ብረት ከሌላ ክር ጋራ አብረው ይፈትላሉ። ልዩነቱ የጥንቱ ወርቅ ለክብርና ለጌጥ ሲሆን የዛሬው ብር የኤሌክትሪክ መንገድ መሆኑ ነው።

ሽመናና ኮምፒዩተርም ባዕዳን አይደሉም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1804 ዓ.ም. ዦዜፍ ማሪ ዣካር የተባለ የሊዮን ከተማ ሰው፥ ከድሩ ክር የትኛው እንዲነሣ የትኛውም እንዲቀር በተበሳ ካርቶን የሚታዘዝ የሽመና መኪና አወጣ። ከሠላሳ ዓመታት ያህል በኋላ እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ላሰበው የሒሳብ መኪና ይህንኑ የተበሳ ካርቶን ወሰደ። ስለዚህ ኮምፒዩተር ዛሬ ወደ ጨርቅ ቢገባ ወደ ዘመዶቹ ቤት ተመለሰ ማለት ይቻላል።

በ1990ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንት፥ ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ክር በሸሚዝ ውስጥ አስገብተው ወታደር በጥይት ሲመታ የቍስሉን ስፍራና የልቡን ትርታ የሚያስታውቅ ልብስ ሠሩ። ሐሳቡ የቍስለኛን ነፍስ ለማትረፍ ስለ ነበረ የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን ሸሚዝ አንድ ቀን ታይቶ የሚቀር ዕቃ አይደለም፤ ይለበሳል፥ ላብ ይጠጣል፥ ይታሻል፥ ይጨመቃል፥ በፀሐይም ይሰጣል። በብር የተለበጠው ክር በእጥበት ብዛት ልባጡ እየተፋቀ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ይደክማል። የብረቱ ክር እጥበትን ቢችልም ሲበዛ ጨርቁን ያደርቀዋል፥ ገላንም ይኰረኵራል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ለስላሳው ክር ከደረቁ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ጋራ የሚገናኝበት መጋጠሚያ ነው። ጨርቁ ሲታጠፍ ዕቃው አይታጠፍምና ክሩ ከዚያው ላይ ይበጠሳል፤ ይህም በአሮጌ ልብስ ላይ ስለሚጣፍ አዲስ ዕራፊ በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ ያሳስባል።

ለዚህም መድኀኒት ተፈልጎለታል። ክሩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይጠለፋል፤ ጨርቁ በተሳበ ጊዜ ክሩ ይዘረጋል እንጂ አይበጠስም። መጋጠሚያው ውሃ በማያስገባ፥ እንደ ላስቲክ በሚለጠጥ ነገር ይሸፈናል። ባትሪውም ከእጥበት በፊት እንደ ቍልፍ ተፈትቶ የሚወጣ ይሆናል።

የክሩ ጽናት ብቻ ግን አይበቃም። በ2017 ዓ.ም. ጉግልና ሌቪስ የተባሉት ኩባንያዎች ተባብረው፥ እጅጌው ሲዳሰስ ስልክን የሚያዝ ጃኬት በ350 ዶላር ለገበያ አቀረቡ፤ ስሙንም በዚያ በፈረንሳዊው ጥበበኛ ስም ዣካርድ አሉት። ያን ጊዜ ይችላል የተባለው እጥበት 10 ጊዜ ያህል ነበር። በ2023 ዓ.ም. ግን ጃኬቱን ከስልክ ጋራ ያገናኝ የነበረው አገልግሎት ተቋረጠ። ጃኬቱ ከብርድ ማዳኑን አልተወም፤ እጅጌው ግን ድዳ ሆነ። ጨርቁ ሳያረጅ ጥበቡ አረጀ።

እንግዲህ ለሆስፒታል፥ ለወታደር ወይም ለእሳት አደጋ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ልብስ ለመግዛት የሚያስብ ሹም፥ ሻጩ በሚያሳየው አዲስ ጨርቅ ከመደነቁ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ልብሱ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ሥራውን አይተውም? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ኩባንያው አገልግሎቱን ቢያቆም ለለባሹ ምን ይቀርለታል? ከሰው ገላ የተሰበሰበው ምስጢርስ በማን እጅ ይቀመጣል? ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን በ2017 ዓ.ም. በሚለበሱ መሣሪያዎች ላይ ደንብ የሚያወጣ ኮሚቴ ማቋቋሙ፥ መመዘኛ በሻጩ ቃል ላይ ብቻ እንዳይቆም ስለሚረዳ መልካም ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የሸማኔው፥ የሐኪሙና የኤሌክትሪክ ዐዋቂው ጥበብ በአንድ ጨርቅ ላይ ሲያብር ታላቅ ጥቅም እንደሚገኝ አይጠረጠርም። ይሁን እንጂ የልብስ እውነተኛ ዳኛ ገበያ ሳይሆን የእጥበት ውሃ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።