ሊፍቱን የሚመርጠው ወለሉ ነው

በእስራኤል በያቭነ፣ በገደራና በቅርያት መላኺ መካኒክነት ከኢትዮጵያ ከመጣው ማኅበረሰባችን ልጆች እጅ የራቀ ሙያ አይደለም። አንዳንዱ ጦሩ ውስጥ ተምሮት ወጣ፤ ሌላው በወጣትነቱ ሙሳክ (የመኪና ጥገና ቤት) ገብቶ ከታላላቆቹ ቀሰመው። ብረት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አያቶቻችን በጎንደር ወናፍ እያናፉ ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ ኖረዋል። እንዲህ ያለው ሰው ግቢና ጋራዥ ያለው ቤት ሲያገኝ ቀድሞ ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ የራሱ ሊፍት ነው። ምኞቱ ተገቢ ነው። ከመኪና ሥር በጀርባ ተኝቶ መሥራት ወገብ ይሰብራል፣ ዓይን ላይ ዝገት ያራግፋል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ደግሞ ነፍስ ያስከፍላል።

ችግሩ ብዙ ሰው ከማሽኑ መጀመሩ ነው። ከተዘጋ ሙሳክ የወጣ ሊፍት በርካሽ ሲሸጥ ያያል፣ ይገዛል፣ ጭኖ ያመጣል፤ ወለሉን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ወለሉ፣ ቀጥሎ ጣሪያው፣ ከዚያ መኪናው፣ በመጨረሻ ሊፍቱ።

በዘይት ግፊት የሚሠራውን የመኪና ሊፍት ለዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ፒተር ሉናቲ ነው፤ በ1925 በሜምፊስ ከተማ። ሐሳቡ የመጣለት የፀጉር አስተካካይ ወንበር ከፍና ዝቅ ሲል አይቶ ነው ይባላል። አሠራሩ ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው፤ አነስተኛ ሞተር ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ በሲሊንደር ውስጥ ያለውን ፒስተን ያነሣል። ነገር ግን ከሥር ቆሞ የሚሠራውን ሰው የሚጠብቀው ዘይቱ አይደለም። ሊፍቱ ሲነሣ የሚሰማው ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ በዓምዱ ውስጥ ያለው የብረት ምላስ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሲያልፍ የሚወጣ ነው። መኪናው የሚፈለገው ከፍታ ላይ ሲደርስ መልሶ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ክብደቱን በምላሱ ላይ ማሳረፍ ግዴታ ነው። ከዚያ ወዲያ ቱቦው ቢፈነዳ፣ ዘይቱ ቢፈስ መኪናው ካለበት አይወርድም። በእኛ አካባቢ ሌላም ምክንያት አለ። ሳይረን ሲጮህ ሰው የያዘውን ጥሎ ወደ ማማድ (መጠለያ ክፍል) ይሮጣል፤ በምላሱ ላይ ያረፈ መኪና ትቶ መሮጥ ይቻላል። በዘይት ብቻ የተንጠለጠለ መኪና ግን ልጆች በሚመላለሱበት ግቢ ውስጥ ለደቂቃም መተው የለበትም።

አሁን ወደ ወለሉ። ሙሳክ ውስጥ የለመድነው ባለሁለት ዓምድ ሊፍት መኪናውን በአራት ክንዶች ይይዛል። ክንዶቹ ከዓምዶቹ ወደ ውስጥ የተዘረጉ ስለሆኑ ክብደቱ ሁለቱን ዓምዶች ወደ መሐል ለመጣል ይጎትታል። ይህን ጉተታ የሚችሉት ዓምዶቹን ከኮንክሪቱ ጋር ያሰሩት ቡሎኖች ናቸው። ለዚህ ነው አምራቾች ስለ ኮንክሪቱ ጥብቅ የሆኑት፤ አንዳንዱ ለ4.5 ቶን ሊፍት 11 ሳንቲሜትር ገደማ ውፍረት ይበቃል ሲል፣ ሌላው ፌሮ ያለው 20 ሳንቲሜትር አርማታ ይጠይቃል። ዳኛው የዚያው ሊፍት መመሪያ ነው፤ መመሪያ የሌለውን ሊፍት መግዛት አልመክርም። ወለሉ እንደ አዲስ የሚሞላ ከሆነ በእስራኤል ለመደበኛ ግንባታ የሚታዘዘው ቤት-30 የሚባለው ኮንክሪት ለአብዛኞቹ የቤት ሊፍቶች ይሆናል። ግን ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ 28 ቀን መጠበቅ አለበት።

በዚህ አገር ቤቶች ውስጥ አንድ ክፉ ወጥመድ አለ። የወለል ሴራሚክ ብዙ ጊዜ የሚነጠፈው በአሸዋ ላይ ነው። ከላይ ሲታይ ድንጋይ የመሰለው ወለል ከሥሩ ብዙ ሳንቲሜትር አሸዋ ሊኖረው ይችላል። በትራፓኖ ሲበሳ ሴራሚኩ መጀመሪያ ይጮሃል፤ ከዚያ መብሻው ድንገት ይሰምጣል፣ የሚወጣውም የኮንክሪት ግራጫ ዱቄት ሳይሆን ቢጫ አሸዋ ይሆናል። እዚያ ላይ ዓምድ የሚተክል ሰው ቡሎኑን ያሰረው ከአሸዋ ጋር ነው። ሴራሚኩና አሸዋው ተነሥተው ኮንክሪቱ ይታይ፣ ውፍረቱም ይለካ። ከጋራዡ ሥር ምድር ቤት ወይም ሌላ የመኪና ማቆሚያ ካለ ደግሞ ወለሉ የሌላ ክፍል ጣሪያ፣ ማለትም ሶሌታ ነው፤ የመሐንዲስ ስሌት ሳይኖር አይነካም። አፈሩም ይቆጠራል። ከያቭነ በስተምዕራብ የባሕር አሸዋ ነው፤ ወደ ገደራና ቅርያት መላኺ ሲኬድ ግን ወላጆቻችን ዋልካ የሚሉትን የመሰለ፣ በክረምት የሚያብጥና በበጋ የሚሰነጠቅ ከባድ አፈር ያለበት ቦታ አለ። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የፈሰሰ የግቢ ኮንክሪት ስንጥቅ ካለው ዓምድ አይተከልበትም።

ጣሪያው ብዙውን ክርክር በአጭሩ ይፈታል። ባለሁለት ዓምድ ሊፍት ብዙ ጊዜ ከ3.5 ሜትር በላይ ቁመት ይፈልጋል። ጣሪያው 2.5 ሜትር በሆነ ጋራዥ 1.45 ሜትር ቁመት ያለው ኮሮላ ከ1.05 ሜትር በላይ ከፍ ሊል አይችልም፤ ለጥንቃቄ 10 ሳንቲሜትር ሲቀነስ 95 ይቀራል። ይህ ለመቆም አይበቃም፤ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዘይት ለመቀየር፣ ፍሬን ለመሥራት፣ ማርሚታ ለመፍታት ግን ከበቂ በላይ ነው። ለዚህ የሚሆነው የመቀስ ሊፍት ነው፤ እንደ መቀስ ተጣጥፎ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ሲነሣ አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ክብደቱ ወለሉን በቀጥታ ወደ ታች ስለሚጫን ዓምድ የመገንደስ ጣጣ የለበትም። በእኔ አስተያየት ለአብዛኞቹ ቤቶቻችን ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ድክመቱ የመኪናውን መሐል መሸፈኑ ነው፤ ካምቢዮ ማውረድ ለሚፈልግ ሰው ያስቸግራል። ባለአራት ዓምድ ሊፍት ደግሞ መኪናው በጎማው የሚቆምበት ሰፊ መድረክ ነው። ሁለት መኪና አንዱን በሌላው ላይ ለማቆም ይመቻል፤ ጎማ ለመፍታት ግን ተጨማሪ ማንሻ ይፈልጋል።

ስለ መኪናው ስናነሳ ኤሌክትሪክ መኪናዎችን ማለፍ አይቻልም። በ2023 በእስራኤል በሽያጭ አንደኛ የሆነው ቢዋይዲ አቶ 3 ክብደቱ 1,750 ኪሎ ገደማ ሲሆን ባትሪው ወለሉን ሞልቶ ተዘርግቷል። የሊፍቱ ማረፊያ ባትሪውን ከተጫነ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ መኪናው መነሣት ያለበት አምራቹ በጎን በኩል ባመለከታቸው አራት ነጥቦች ብቻ ነው።

ከሙሳክ የወጡ ሊፍቶች ብዙውን ጊዜ ሞተራቸው ሦስት ፌዝ ይፈልጋል። ቤቱ አንድ ፌዝ 40 አምፔር ብቻ ከሆነ ወይ ሞተሩ ይቀየራል ወይ መስመሩ ያድጋል። ሁለቱንም የሚሠራው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ የ1954ቱ የኤሌክትሪክ ሕግ ለማንም ሌላ አይፈቅድም። አሮጌ ሊፍት ሲታይ የብረት ገመዱ የተበጣጠሰ ሽቦ እንዳለው፣ በጠመዝማዛ ብረት የሚነሣ ዓይነት ከሆነም ዋናው ዳዶ ምን ያህል እንደተበላ ይፈተሽ። የአውሮፓውን ደረጃ ኢኤን 1493 ማሟላቱን የሚገልጽ ሰሌዳ ካለው ጥሩ ነው።

ጋራዡን ማስፋት ወይም ጣሪያ ማንሳት በ1965ቱ የዕቅድና የግንባታ ሕግ ሥር ይወድቃል፤ ከሥራው በፊት ኢሪያውን (ማዘጋጃ ቤቱን) መጠየቅ ይገባል። በጋራ ሕንፃ የሚኖር ሰው የጎረቤቶቹንም ስምምነት ይፈልጋል። ሊፍቱ የሰው መኪና በክፍያ የሚጠገንበት ከሆነ ነገሩ የግል መሆኑ ይቀርና ፈቃድ የሚያስፈልገው ንግድ ይሆናል። በሥራ ቦታ የማንሻ መሣሪያ በየ14 ወሩ በቦዴክ ሙስማኽ (ፈቃድ ባለው መርማሪ) እንዲመረመር ሕግ ያዛል። ለቤቱ ብቻ የሚጠቀም ሰውም ይህንኑ ባለሙያ ቢጠራ ገንዘቡን አላባከነም።

ተከላው ሲያልቅ የመጀመሪያው ሙከራ በቀላል መኪና ይደረግ። መኪናው 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቁም፤ ጎማዎቹ መሬት እንደለቀቁ ከፊትና ከኋላ በእጅ ገፋ ገፋ ይደረግ። ወደ አንዱ ካዘነበለ ወርዶ ማረፊያዎቹ ይስተካከሉ፤ ሞተር ከፊት ያለው መኪና ክብደቱ ወደ ፊት እንደሚያደላ አይረሳ። ዓምዶቹ በውሃ ልክ እንደገና ይታዩ። ከጥቂት ሳምንት ሥራ በኋላ ቡሎኖቹ መመሪያው ባዘዘው ልክ በመለኪያ ቁልፍ ይጥበቁ፤ ከእነሱ አንዱ ደጋግሞ የሚላላ ከሆነ ኮንክሪቱ አልያዘውም ማለት ነውና ሊፍቱ ከዚያ ቦታ ይነሣ።