ስለ ጨርቅ ድብና ስለ እጅ ሥራ ደስታ

ድብ በአገራችን የማይገኝ፣ ጠጉሩ የበዛ ታላቅ አውሬ ነው። በዱር ሲታይ ያስፈራል፤ በጨርቅ ተሰፍቶ ሲሠራ ግን ሕፃናት አቅፈውት የሚተኙ ወዳጅ ይሆናል። ይህን መጫወቻ ለዓለም ካስለመዱት ሰዎች የአንዲቱ ታሪክ፣ የእጅ ሥራ ለሠሪው ምን እንደሚሰጠው ያስረዳል።

ማርጋሬቴ ሽታይፍ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1847 ዓመት በጀርመን አገር፣ ጊንገን በምትባል ከተማ ተወለደች። ሁለት ዓመት ሳይሞላት የልጅነት ልምሻ ያዛትና እግሮችዋ ሰለሉ፤ ቀኝ እጅዋም ደከመ። ሐኪሞች ብዙ ቢደክሙላት አልዳነችም። እርስዋ ግን ተስፋ አልቈረጠችም። መርፌ መያዝ ቢያስቸግራትም ልብስ መስፋት ተማረች። የስፌት መኪና በተገዛ ጊዜም፣ መንኰራኵሩን በቀኝ እጅዋ ማዞር ስላልቻለች፣ መኪናውን በስተኋላው አዙራ በግራ እጅዋ ትሠራበት ነበር።

በ1880 ገደማ ከአንድ መጽሔት ባገኘችው ንድፍ ከወፍራም የሱፍ ጨርቅ ትንሽ ዝሆን ሰፋች። ዝሆኑ ለመርፌ መሰኪያ የታሰበ ነበር፤ ሕፃናት ግን ባዩት ጊዜ ወደዱትና መጫወቻቸው አደረጉት። የሕፃናቱ ደስታ ለሠሪዋ ብርታት ሆናት። በ1886 ከ5000 የሚበልጡ ዝሆኖች ተሸጡ። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው በዚህ ተፈጸመ።

የወንድምዋ ልጅ ሪቻርድ ደግሞ በ1902 እጁና እግሩ የሚንቀሳቀስ ድብ አወጣ። በ1903 በላይፕሲክ ገበያ አንድ የአሜሪካ ነጋዴ 3000 ድቦች እንዲሠሩለት አዘዘ። በአሜሪካም በ1902 ፕሬዚደንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በአደን ላይ ታስሮ የቀረበለትን ድብ አልተኵስም ስላለ፣ ነገሩ በጋዜጣ በሥዕል ወጣ። በኒው ዮርክ፣ በብሩክሊን ሱቅ የነበራቸው ሚችተም የሚባሉ ባልና ሚስትም ድብ በጨርቅ ሰፍተው በመስኮታቸው አቆሙ። ድቡም በፕሬዚደንቱ የቍልምጫ ስም «ቴዲ» ተባለ።

የድቡ አሠራር እንዲህ ነው። አስቀድሞ ጨርቁ በንድፉ ልክ ይቈረጣል፤ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይሰፋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይገለበጥና በጥጥ ወይም በቀጭን የእንጨት ፍቅፋቂ ይሞላል። ክፍቱም በመርፌ ይዘጋል። በመጨረሻ ዓይኑ ይተከላል፤ አፍንጫውና አፉም በክር ይጠለፋል። ዓይኖቹ ጥቂት ቢቀራረቡ ወይም ቢራራቁ መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ በአንድ ንድፍ የተሰፉ ሁለት ድቦች እንኳ አንድ ፊት የላቸውም፤ በያንዳንዱ ላይ የሠሪው እጅ ይታወቃል።

ሥራው ረዥም ነው፤ መርፌውም ጣት ይወጋል። ሠሪው ገና ያልተሞላውን ልሙጥ ጨርቅ ሲያይ ልቡ ይደክም ይሆናል። ነገር ግን ይህ ጨርቅ ነገ የአንድ ሕፃን ብቸኝነት ማስረሻ እንደሚሆን ቢያስብ፣ እጁ እንደ ገና ይበረታል። ማርጋሬቴ በ1909 ሞተች፤ ከዚያ በፊት በ1907 ብቻ በፋብሪካዋ 974000 ድቦች ተሠርተው ነበር። በእግርዋ መሄድ ያልቻለችው ሴት የእጅዋ ሥራ ባሕር ተሻግሮ ሄደ።

እንግዲህ የእጅ ሥራ የሚማር ሁሉ የጀመረውን ትንሽ ነገር አይናቅ። የሥራ ትርጕም የሚታወቀው ተቀባዩ ደስ ባለው ጊዜ ነውና።