ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ ልጅ፣ ሁለት ፋይል

ወላጆቹ ሊያሳድጉት ያልቻሉትን ልጅ ለጊዜው ተቀብሎ የሚያኖር ቤተሰብ የአደራ ቤተሰብ ይባላል። ይህን ቤተሰብ መልምሎ፣ አሠልጥኖ የሚከታተለው ማን ይሁን? የአሜሪካዋ ካንሳስ ከ1996 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ሥራውን በመላ ግዛቷ ለግል ድርጅቶች በውል ሰጠች፤ በዚህም ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚዋ ሆነች። በልጅ ላይ በደል ደረሰ የሚል ጥቆማ ማጣራቱ ግን በመንግሥት እጅ ቀረ፤ ልጁ ከወላጆቹ ይወሰድ አይወሰድ የሚለውም የዳኛ ውሳኔ ነው።

መጀመሪያ ላይ ክፍያው ለአንድ ልጅ የተቆረጠ ዋጋ ነበር፤ ጉዳዩ ሦስት ወርም ፈጀ ሦስት ዓመት፣ ያው ነው። ልጁ ቶሎ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ለማበረታታት የታሰበ ነበር። የልጅ ጉዳይ ግን እንደ መንገድ ሥራ በኮንትራት አይተመንም። አንዳንድ ድርጅቶች ኪሳራ ውስጥ ገቡ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ክፍያው በወር በልጅ ቁጥር ሆነ።

ሥራው ለግል ድርጅቶች በመሰጠቱ ላይ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች እርስ በርስ አይስማሙም። የመንግሥት ሠራተኞቹ «ልጁን ማወቅ ቀርቶ ወረቀት መቆጣጠር ሆነ ሥራችን» ይላሉ። በድርጅት ያሉት ደግሞ ነገር ቶሎ ማለቁን ይወዱታል፤ መነጽር የተሰበረበት ልጅ ሦስት ፊርማ መጠበቅ የለበትም። የሁለቱም ወገን እሮሮ ግን የሠራተኛ መቀያየር ነው። ልጁ ለአዲሷ ሠራተኛ ታሪኩን ከሀ ብሎ ይጀምራል። አራተኛዋ ስትመጣ ዝም ይላል።